ነጠላ ላይ የሚያርፍ ሰማያዊ

የጅማ ቀትር ለቤተ ክርስቲያን ባለቀለም መስኮት አይሆንም። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መስታወት ጨረሯን የሚያገኘው በጨረፍታ ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ቦታ ላይ ስላለች ቀለም ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጠዋትና አመሻሽ ላይ ነው። የመስኮቱ ደፍ ከወለል 2 ሜትር ከፍ ካለና ፀሐይ ከፊት ለፊቱ 30 ዲግሪ ላይ ከደረሰች (ከወጣች ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ) ቀለሙ ከግድግዳው 3 ሜትር ተኩል ርቆ ይጀምራል። 60 ዲግሪ ላይ ስትደርስ 1 ሜትር ከ15 ሳንቲም ላይ ይቀራል።

የሰሜኑ መስኮት ያሳዝነኛል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ድርሻው ይህ ወቅት ነበር፤ ግን ክረምቱ አብሮ ይመጣና ደመናው ይወስድበታል። እዚያ ጥቁር ሰማያዊና ድፍን ቀይ ማብዛት ቤቱን ማጨለም ነው። ፈዘዝ ያለ ቢጫና ቀላል አረንጓዴ ይበጀዋል። በደመና ብርሃን መስታወቱ ራሱ እኩል ይፈካል እንጂ ወለል ላይ የሚጥለው ቀለም የለም።

ፀሐይ ስትወጣም ቢሆን ወለሉ ላይ የቅዱሱን ሥዕል የሚጠብቅ አያገኘውም። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ያላት ክብ ናት፤ ስለዚህ ብርሃኑ 4 ሜትር ተጉዞ ሲያርፍ የእያንዳንዱ ቀለም ጠርዝ ወደ 4 ሳንቲም ይደበዝዛል፣ በሰያፍ ሲወድቅ ደግሞ ይብሳል። ከዚያ የጠበቡ ቁራጮች እርስ በርስ ይቀላቀላሉ። ቀለሙ ወለል ላይ እንዲታይ የሚፈልግ ቁራጮቹን ከመዳፍ ያላነሱ ያድርግ።

የሚያርፍበትም ነገር ወሳኝ ነው። ሰማያዊ ብርሃን ቀይ ምንጣፍ ላይ ሲወድቅ ምንጣፉ ውጦት ጥላ ይመስላል። በነጭ የተቀባ ግድግዳና ነጠላ ግን የመጣውን ሁሉ ይመልሳሉ።

እውነተኛው መስታወት ቀለሙ ከውስጡ ነው፤ ሰማያዊው ከኮባልት፣ አረንጓዴው ከብረት ወይም ከመዳብ። ቀዩ ብዙ ጊዜ በነጭ መስታወት ላይ የተነጠፈ ስስ ሽፋን ነው፣ ሙሉ ውፍረቱ ቀይ ቢሆን ጥቁር ሊመስል ምንም አይቀረውም። እነዚህን ፀሐይ አታነጣቸውም። በተራ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ስቲከር ግን ይነጣል፣ ጠርዙም ይላጣል። ገንዘብ ካነሰ ሁሉንም መስኮት በስቲከር ከመሸፈን አንዱን በትክክል መሥራት እመርጣለሁ።

ሥራው ላይ የሚያበላሸው ችኮላ ነው። ቁራጮቹን የሚይዘው የእርሳስ ዘንግ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ መገጣጠሚያውን የሚበይደው 60 እጅ ቆርቆሮ፣ 40 እጅ እርሳስ የሆነው ቅይጥ ግን 190 አካባቢ ይበቃዋል። የብየዳው ካውያ አንድ ቦታ ከቆየ ዘንጉን ይበሳዋል። ከብየዳው በኋላ የጠመኔ ዱቄትና የተልባ ዘይት ስቱኮ በብሩሽ ከእርሳሱ ከንፈር ሥር በሁለቱም በኩል ይገባል። ይህ ከተዘለለ የጅማ ዝናብ በነፋስ ተገፍቶ ይገባበታል። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ሰፊ መስኮት በራሱ ክብደት ይጎብጣል፤ በየ40 ሳንቲም ገደማ አግድም ብረት አድርጎ በመዳብ ሽቦ ማሰር ነው። ከውጭ መከላከያ መስታወት የሚጨመርበት ከሆነ ከላይና ከታች የአየር ማለፊያ ይተውለት፤ አለበለዚያ በመካከል እንፋሎት ይታፈናል።

አንድ መስኮት ብቻ ምረጥ ብባል የምዕራቡን እላለሁ። የምሥራቁ ብርሃን መቅደሱ ውስጥ ነው፣ መጋረጃው ይይዘዋል። በጾም ቀን ግን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ ሕዝቡ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይቆማል፤ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ቀለሙ ከኋላ በቅኔ ማኅሌቱ በኩል ገብቶ ነጠላው ላይ ያርፋል።