በወረቀት ላይ የተሳለ እግር፦ አንዲት ልጅ ሳስተምር የተማርኩት

መጀመሪያ የደረሰኝ ፎቶግራፍ ነበር። ሰማያዊ ግድግዳ ተደግፋ የቆመች፣ ዓይኗን ከካሜራው ያሸሸች የሰባት ዓመት ልጅ። የማቀዝቀዣዬ በር ላይ ለጥፌው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይህች ማን ናት?» እስክባል እጠብቅ ነበር። እባልም ነበር። «የማስተምራት ልጅ ናት» ስል ድምፄ ትንሽ ለስለስ ይላል። አንድም ቀን አይቻት አላውቅም፤ ማስተማሬንም የማውቀው በየወሩ ከባንክ ሂሳቤ ተቀንሶ ለአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሚሄደው ገንዘብ ብቻ ነበር።

ይህ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን አብዛኛውን ያወቅኩት ተሳስቼ ስለሆነ፣ እንዲህ ልጅ ማስተማር ለመጀመር የሚያስብ ሰው ካለ ስሕተቴን በነጻ ይውሰደው።

ከእርሷ በፊት በሌላ ድርጅት በኩል ሌላ ልጅ እደግፍ ነበር። ድርጅቱን የመረጥኩት በፎቶግራፎቹ ነው፤ እንባ፣ ባዶ ሳህን፣ ዝንብ የወረረው ፊት። አራት ወር ከፈልኩ። በአምስተኛው ወር «ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው? የት ነው የሚማረው?» ብዬ ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ ቸርነቴን በሁለት አንቀጽ ያወድሳል፤ ስለ ትምህርት ግን አንዲት ቃል የለውም። ደግሜ ጻፍኩ፤ እነዚያው ሁለት አንቀጾች ተመልሰው መጡ። ልጁ መኖሩን እንኳ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁለተኛውን ድርጅት ስፈልግ ፎቶግራፉን ትቼ ወረቀት መጠየቅ ጀመርኩ፤ የምዝገባ ፈቃድ፣ በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ዓመታዊ የሂሳብ ሪፖርት፣ የሕፃናት ጥበቃ ደንብ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ስለ አንድ ድርጅት ብዙ የሚናገረው ግን እርሱ ነው። የልጅን ሙሉ ስምና መኖሪያ ለማያውቀው ከፋይ አሳልፎ የሚሰጥ ለማንም ይሰጣል። እኔ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ስሟና የክፍሏ ደረጃ ብቻ ነበር። ደብዳቤያችንም ከሁለቱም ወገን ተነብቦ ነው የሚያልፈው። በመጀመሪያ ቅር ብሎኝ «እኔን ይጠረጥሩኛል?» አልኩ። ይጠርጥሩኝ እንጂ! ማንነቴን በምን ያውቃሉ?

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ደግሞ «ከመቶ ስንቱ ለአስተዳደር ይውላል?» ነው። እኔም ጠይቄያለሁ፤ ዝቅ ያለው መቶኛ አስደስቶኝም ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ግን በአንዳንድ ሪፖርት ቤት ለቤት እየዞረች ልጆቹን የምትጎበኘው ማኅበራዊ ሠራተኛ ደመወዝ እዚያው አስተዳደር በሚለው ዓምድ ውስጥ ይገባል። እርሷ ከሌለች የእኔ ገንዘብ የት እንደሚደርስ የሚያይ ሰው የለም።

ከዚያ አባቷ በሕይወት እንዳለ ሰማሁ። ሥራ ፍለጋ ሄዶ ወሬው የጠፋ ሰው ነው፤ የሞተችው እናቷ ናት። «ታዲያ ወላጅ አልባ ናት ያላችሁኝ ለምንድን ነው?» ብዬ ተቆጣሁ። ያላወቅኩት እኔ ነበርኩ። ዩኒሴፍ ወላጅ አልባ የሚለው ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ከወላጆቹ አንዱን ወይም ሁለቱንም በሞት ያጣን ልጅ ነው። በዚህ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ላይ ወደ 140 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ሲኖሩ፣ እናትም አባትም ያጡት 15 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። አብዛኞቹ እናት ወይም አባት አላቸው ማለት ነው።

ይህን ሳላውቅ በፊት አንድ ትልቅ ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር፤ ልጅቱን ከአያቷ ቤት አውጥቼ አዳሪ ትምህርት ቤት ማስገባት። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ በስልክ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «አያቷ ማታ ማታ ደብተሯን ያዩላታል። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ‹ዛሬ ቀዩ ቀለም በዝቷል?› ብለው ይጠይቃሉ። እርስዎ የሚከፍሉበት አዳሪ ቤት ይህን የሚጠይቅ ሰው ይኖራል?» ዝም አልኩ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የሕፃናት አማራጭ እንክብካቤ መመሪያ፣ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰብ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ እንደሚል ያነበብኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እኔን የመለሰኝ ግን የቀዩ ቀለም ነገር ነበር።

ትምህርት ቤቷ ክፍያ አያስከፍልም። ታዲያ ገንዘቤ ለምን ይሆናል? መልሱ የመጣው ከመጀመሪያው የውጤት ካርድ ጋር ነው፤ ሠላሳ አንድ ቀን ቀርታለች። እኔም የትምህርትን ጥቅም የሚያስረዳ ረጅም የምክር ደብዳቤ ጻፍኩላት። ያን ደብዳቤ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ለልጅቱ ሳታነብላት መቅረቷን በኋላ ነገረችኝ፤ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ልጅቱ የቀረችው ጫማዋ ተገንጥሎ ነው። ደረቅ ሲሆን ትሄዳለች፤ ዝናብ ሲሆን ቤት ትውላለች።

«ቁጥሯ ስንት ነው?» አልኩ። ቁጥሯን የሚያውቅ አልነበረም። በሚቀጥለው ፖስታ አሮጌ የፈተና ወረቀት መጣልኝ። አያቷ የልጅቱን እግር ጀርባው ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በእርሳስ አስምረውበታል። መስመሩ ከተረከዙ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይሄድና ወደ ትንሿ ጣት ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፤ ኮርኩሯት እየሳቀች ሳትንቀሳቀስ አልቀረችም። መዳፌን አኖርኩበት። ከመዳፌ እምብዛም አይበልጥም። ፎቶግራፉን ከማቀዝቀዣው በር ላይ ያነሣሁት የዚያን ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላ ትኩረቴ ልጅን ከክፍል የሚያስቀሩ ትንንሽ ነገሮች ላይ ሆነ፤ ጫማ፣ ሁለተኛ ዩኒፎርም፣ ማታ የሚነበብበት መብራት፣ የወር አበባ መጠበቂያ፣ የዓይን ምርመራ። በምዕራብ ኬንያ በ75 ትምህርት ቤቶች የተደረገ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ለተማሪዎች የአንጀት ትላትል መድኃኒት መስጠት ከትምህርት መቅረትን በሩብ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። ከአጥኚዎቹ አንዱ ማይክል ክሬመር እ.ኤ.አ. በ2019 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች መካከል ነው። የዚያ ጥናት ውጤት ኋላ ብዙ አከራክሯል፤ እኔን ግን «የትምህርት ድጋፍ» የሚለው ቃል ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ አለመሆኑን አስተምሮኛል።

አሁን ለመናገር የሚከብደኝ ይመጣል። በአራተኛው ዓመት ሥራዬን አጣሁ። ክፍያውን አቋረጥኩ፤ ይህ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ለማንም አለመናገሬ ነው። ነገ ሥራ አገኛለሁ፣ ያለፈውንም አንድ ላይ እከፍላለሁ እያልኩ ስምንት ወር ዝም አልኩ። ከድርጅቱ ሁለት ደብዳቤ መጣልኝ፤ ፖስታውን ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሥራ አግኝቼ ስደውል ልጅቱ ትምህርት አቋርጣ ከሰው ቤት ሕፃን በመያዝ ላይ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። በዓመቱ ተመለሰች፤ አምስተኛ ክፍልንም ደገመች።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ አልወቀሰችኝም። «ቢነግሩን ኖሮ በወሩ ሌላ ሰው እንፈልግላት ነበር» ብቻ ነው ያለችኝ። ከዚያ ወዲህ የአንድ ሙሉ ዓመት ክፍያ በተለየ ሂሳብ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ምንም ቢመጣ አልነካውም። የምሰጠውንም ቀንሼ ነው የቀጠልኩት። ቀድሞ ከደመወዜ አንድ አሥረኛውን እሰጥ ነበር፤ አሁን አንድ ሃያኛውን። ሰው ሲጀምር ስሜቱ ሞቅ ስለሚል ብዙ ቃል ይገባል፤ ልጅ ግን የሚማረው አሥራ ሁለት ዓመት ነው። «ስንት ልስጥ?» ከማለት በፊት «እስከ መቼ እችላለሁ?» ማለት ይቀድማል።

ሌላው ጥፋቴ ታናሽ ወንድሟን አለማየቴ ነው። በአራት ዓመት ያንሳታል። እኔ የላክኩት አዲስ ቦርሳ ቤት ሲገባ እርሱ የዱቄት ከረጢት ተሰፍቶለት ነበር የሚሄደው። ይህን የጻፈችልኝ ራሷ ናት፣ ያውም እንደ ቀልድ አድርጋ። ዋይዲክ፣ ግሉዊና ራትሌጅ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በስድስት አገሮች በስፖንሰር የተደገፉ ልጆችን፣ ዕድሜያቸው በማለፉ ካልተደገፉት ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው ጋር አነጻጽረው ነበር። የተደገፉት ከአንድ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ የሚሆን ትምህርት በተጨማሪ ተምረው ተገኙ። ሌላው ሰው በዚህ ቁጥር ሳይደሰት አይቀርም። እኔ ግን እዚያ ገጽ ላይ የታየኝ ባለ ከረጢቱ ልጅ ነው፤ ለጥናት ማነጻጸሪያ፣ ለቤት ውስጥ ደግሞ ቅሬታ። አሁን ገንዘቡ ለሁለቱም እንዲሆን፣ ስጦታም ለቤቱ እንጂ ለአንዷ ስም እንዳይሄድ ጠይቄ ተፈቅዷል።

ከደብዳቤዎቿ የተማርኩት ብዙ ነው፤ ሁሉን አልዘረዝርም። መጀመሪያ የሚመጡት «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚሉ፣ በትልቅ ሰው የተጻፉ የሚመስሉ ነበሩ። እኔም እንደዚያው ደረቅ መልስ እጽፍ ነበር። አንድ ጊዜ በልጅነቴ ሒሳብ ወድቄ ወረቀቱን ደብቄ እንደነበር ጻፍኩላት። በምላሹ አራት ገጽ መጣ፤ የሳይንስ መምህሯን አረማመድ፣ የጠፋች ድመት፣ ክፍልፋይ ለምን እንደሚያስጠላት። ውለታ የሚያስቆጥር ደብዳቤ ልጅን ያስጨንቃል መሰለኝ።

አሁን አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አሥራ አንደኛ ክፍል። የእግሯ ልክ በየዓመቱ ሲመጣ ኖሯል፤ መሳቢያዬ ውስጥ፣ እነዚያ ያልከፈትኳቸው ፖስታዎች በነበሩበት ቦታ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቧል። የስምንቱ ወር ዓመት የለም።

ባለፈው ወር የመጣው ፖስታ ወፈር ያለ ነበር። ሁለት ወረቀት በማጣበቂያ ተቀጣጥሎ፣ በመካከሉ የማላውቀው ረጅም እግር ተሥሏል፤ ጣቶቹ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ናቸው። ከጎኑ በእርሷ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «የእኔ ቁጥር 38 ነው፤ ከእንግዲህ የሚያድግ አይመስለኝም። ይህ የእርሱ ነው። ሲሥሉት አይስቅም።»