ለአፌ ጠባቂ አኖረ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ፃድቃኔ ማርያም ጸበል ላይ ቆሜ «አፌን ብትመልሺልኝ ያደረግሽልኝን አልደብቅም» ብዬ ተስያለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ሲና ነው። በመንገዱ ያለፈ ሁሉ ቆሏችንን ያውቀዋል፤ እናቴም እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን ቆሎ ቆልታ እየሸጠች ነው። የገብሱን መብሰል የምታውቀው በእኔ ጥርስ ነበር። ከምጣዱ ሁለት ሦስት ፍሬ አንስታ አፌ ውስጥ ጣል ታደርግና «ደረሰ?» ትለኛለች። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነኝ።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ የጣርማ በርን ዳገት በእግራችን ወጥተን ደብረ ብርሃን ተጠለልን። ስንመለስ ቤታችን ቆሞ ጠበቀን፣ የእኔ እንቅልፍ ግን በዚያው ቀረ። ሌሊት ጥርሴን ሳፋጭ እናቴ እየሰማች ታለቅሳለች። ቆይቶ በግራ ጆሮዬ ሥር መንጋጋዬ ቀጭ ማለት ጀመረ። ስጎርስ ቀጭ፣ ስዘምር ቀጭ። አፌን ስከፍት አገጬ ወደ ግራ ይሄዳል። አንድ ቦታ የጆሮ ጠብታ ሰጡኝ። ሌላ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ ይቅር ብያቸዋለሁ፣ «ጥርስሽ ነው» ብለው ጤነኛውን መንጋጋ ጥርሴን ነቀሉት። ሕመሙ ባሰበት።

ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች።

ፍልሰታ ነበር። ከእናቴ ጋር ውዳሴ ማርያም እያደረስን፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ግድም፣ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ልል ስል አዛጋሁ። ከጆሮዬ ሥር የሆነ ነገር ተንሸራተተ፤ አፌም እንደተከፈተ ቀረ። ልዘጋው ብል እምቢ አለ። በእጄ ገፋሁት፣ ሕመሙ እስከ አናቴ ወጣ። እማዬ ማለት አቃተኝ። «እ» የሚለው ይወጣል፣ «ማ» ለማለት ግን ከንፈር መግጠም አለበት። ለሃጬ በደረቴ ይወርዳል። እናቴ ፋኖሱን ወደ ፊቴ አቅርባ ስታየኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «ቡዳ ነው» አለች፣ አንዱ ጸበል ረጨኝ። ወንድሜ ሰፈራችን ያሉትን አረጋዊ ወጌሻ ቀስቅሶ አመጣቸው። ጉንጬን በሁለት ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ወልቋል። በሁለቱም በኩል ነው። የእኔ እጅ እግርና ክንድ እንጂ ይህን አይደፍርም፤ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ውሰዷት» አሉ። እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ። እሞክራለሁ ቢሉ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር ኋላ ነው የገባኝ።

መኪና ከየት ይምጣ? ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ አይሱዙ ወንድሜ መሀል አስፋልት ገብቶ አስቆመ። ሹፌሩ ፊቴን አይቶ ረዳቱን ከጋቢና አወረደና ከላይ ጭነቱ ላይ አስቀመጠው። ያ ልጅ በነሐሴ ብርድ፣ በዚያ ዳገት፣ ሸራ ለብሶ ሄደልኝ። ስሙን እንኳ አላውቅም።

ጣርማ በር ጉም ነው። መብራቱ ሁለት ክንድ አያሳይም፤ መኪናው በአንደኛ ማርሽ ይጎተታል። ዳዊት ልድገም ብዬ በልቤ ስጀምር «አቤቱ፥ ከንፈሮቼን ክፈት» የሚለው መጣ። ያኔ ተቆጣሁ። ተከፍቶ የቀረ አፍ ይዤ ክፈት ልበል? ከልጅነቴ ያመሰገንኩህ አፍ ይሄ አይደለም? ስንሰደድ ዝም አልኩ፤ ጥርሴን ሲነቅሉኝ ዝም አልኩ፤ አሁን ደግሞ መዝሙሬን ቀናህበት? አልኩት። ከዚህም የከፋ ብያለሁ፤ እሱን የነገርኩት ለንስሐ አባቴ ብቻ ነው።

መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ ውስጥ ገባን። ጉሙ ቀረ፣ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ሆነ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አገጬን እየጠረገች «እግዚኦ» ትላለች። ሳልፈልገው፣ ገና እንደተቆጣሁ፣ ሌላ ቃል ልቤ ላይ ወደቀ፦ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር፥ የከንፈሮቼንም መዝጊያ ጠብቅ።» መዝሙር 140። ስንት ጊዜ ደግሜዋለሁ! መዝጊያ እንዳለኝ ያወቅሁት ግን ያን ሌሊት ነው። እያለቀስኩ እሱን ብቻ እየደጋገምኩ ደብረ ብርሃን ገባን።

ተረኛው ሐኪም ወጣት ነበር። ዝቅ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፤ ነርሷ ጭንቅላቴን ከግድግዳው አስደግፋ ያዘችኝ። አውራ ጣቶቹን በፋሻ ጠቅልሎ በታችኞቹ መንጋጋ ጥርሶቼ ላይ አሳረፈና ወደ ታች ተጫነ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ገፋ። እምቢ አለ። ደገመ፣ እምቢ አለ። ጡንቻው በቆየ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል አለና ሰውነቴን የሚያላላ መርፌ ሰጠኝ። በሦስተኛው «ቀጭ» አለ። ለወራት የጠላሁት ያ ድምፅ! ጥርሶቼ ተገናኙ። ከንፈሬ ገጠመ።

«እማዬ» አልኩ።

ሐኪሙ በእጁ ቡጢ ጨብጦ አሳየኝ። የመንጋጋው ጫፍ ጆሮ ፊት ካለው ጎድጓዳ ወጥቶ ከፊቱ ያለውን ጉብታ ዘሎ ነበር። ያ ቀጭታ ደግሞ በአጥንቶቹ መሀል ያለችው እንደ ትራስ ያለች ነገር ስትንሸራተት የሚሰማ ነው። ጥርስም ጆሮም አልነበረም። አገጬን ከአናቴ ጋር በፋሻ አስሮ፣ ለአዲስ አበባ ሪፈር ጻፈልኝ።

ከመስከረም እስከ ጥር በአጥሚትና በበሶ፣ ማታ ማታ ጥርሴ ላይ በምትጠለቅ ፕላስቲክ፣ በሞቀ ጨርቅ አለፈ። በመሀል አንድ ሱባኤ ፃድቃኔ ገባሁ። ያጠመቁኝ አባት «የሐኪሙንም እጅ የላከ እሱ ነው፤ ያዘዘሽን እንዳትተዪ» አሉኝ። ስለዚህ ጸበሉንም ፕላስቲኩንም ያዝኩ።

ዛሬም አንዳንዴ ቀጭ ይላል። ሳዛጋ በእጄ አገጬን እደግፋለሁ፤ ቆሎ የሚቀምስልን ወንድሜ ሆኗል። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ አልወለቀም።

በ2015 ዓ.ም. ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም፣ ታቦቱ ሲወጣ ከዘማሪዎቹ ኋላ ቆምኩ። ፈርቼ ነበር። አፌን ቀስ ብዬ፣ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፈትኩ። ድምፄ ወጣ። እናቴ ከሴቶቹ መሀል ሆና ድምፄን ለየችው መሰለኝ፣ የእሷ እልልታ ከሁሉ በፊት ተሰማ።