41 ካርድ ለማኅተም

«ሠራተኛው አይተጋገዝም፣ አንድ ነገር ፈልግ» ተባልኩ። የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ያለሁት እኔ ስለሆንኩ ፈለግኩ። ያገኘሁት የምስጋና ሳጥን ነው፤ ለ43ቱም ሠራተኛ በወር አምስት አምስት ካርድ ይታደላል፣ የረዳህን ሰው ስም ጽፈህ ትከታለህ፣ ወሩ ሲያልቅ ብዙ ካርድ ያገኘ 2,000 ብር ይሸለማል። ወረቀት ላይ ሲያዩት እንከን አይወጣለትም።

ሦስት ቀን ሙሉ ሳጥኑ ውስጥ ጠብ ያለ ነገር የለም። በአራተኛው ቀን ሽልማቱ ጥሬ ብር መሆኑ ሲሰማ ቢሮው ላይ ደግነት ዘነበ። አንድ እሽግ የፎቶኮፒ ወረቀት፣ 500 ሉክ፣ ቢበዛ ሁለት ኪሎ ተኩል፣ ሦስት ጎረምሳ ተሸክሞት ደረጃ ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። ፋይናንሶች ደግሞ የሒሳብ ሰዎች አይደሉ? አምስት ሆነው የካርድ ዕቁብ ጣሉ፤ ዕጣ የወጣለት ከአራቱ 20 ካርድ ጠቅልሎ ይወስዳል። ዳኛም ጸሐፊም ነበራቸው።

እኔም ከበረከቱ አልቀረሁም። የፕሪንተሬን ቶነር ልቀይር ስል ከኋላዬ «ተወው፣ እኔ አለሁልህ!» የሚል መጣ። አዲስ ቶነር የሚነቀነቀው ማሸጊያው ፕላስቲክ ሳይሳብ ነው፤ ዱቄቱ ካርትሪጁ ውስጥ እኩል እንዲዳረስ። ወንድሜ መጀመሪያ ሳበው፣ ከዚያ እንደ ጠላ ማሰሮ ነቀነቀው። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ይህን ያየ ሁለተኛ ረጂ ሙቅ ውኃ ይዞ ሮጠ። ቶነር በሙቀት የሚቀልጥ ፕላስቲክ ነው፣ ፕሪንተሩም ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ ስለዚህ መራገፍ ያለበት በደረቁ ነው፣ ውኃ ካስፈለገም ቀዝቃዛ። ሸሚዜ በወጉ ታተመ። ሁለቱም ቆመው ኪሴን ያያሉ። ምን ላድርግ፣ ሁለት ካርድ ሰጠሁ።

የወሩ መጨረሻ ላይ ሳጥኑን ስንከፍት ዕቁቡ በ20 ያሸንፋል ብዬ ነበር። ያሸነፉት ግን ጋሼ ናቸው፤ መዝገብ ቤት ተቀምጠው ክቡን ማኅተም የሚይዙት። 41 ካርድ! በአዳራሹ ፊት «ለምን እንደተመሰገኑ እናንብብ» ያልኩትም እኔ ነኝ። የመጀመሪያው «ማኅተም ስለመቱልኝ» ይላል። ሁለተኛው «ማኅተም ስለመቱልኝ»። አሥራ ሁለተኛው ላይ ደግሞ አንዱ ግልጽ ሰው «ካርድ የለኝም ስል ከሰዓት ተመለስ ስላሉኝ፣ ካርድም ተበድሬ ስለመጣሁ» ብሎ ጽፏል። ለካ ጋሼ ወሩን ሙሉ ከደብዳቤው ጋር ካርድ ሲቀበሉ ከርመዋል። ጉቦን በደረሰኝ ያደረግኩት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩን በደንብ ያነበብኩት። በእስራኤል ሃይፋ ከተማ በመዋዕለ ሕፃናት የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት አለ። ልጃቸውን ለመውሰድ የሚዘገዩ ወላጆች ላይ አሥር ሰቅል ቅጣት ተጣለ፤ የሚዘገየው ቁጥር ወደ እጥፍ ገደማ ወጣ። ቅጣቱ ከተነሣ በኋላም አልወረደም። ወላጁ መምህሯን ማስቸገር ያፍር የነበረው ዋጋ ስላልነበረው ነው፤ ዋጋ ሲወጣለት ገዛው። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ»ን ገበያ አውጥቼ ነበር።

በሁለተኛው ወር ብሩ ቀረ፣ ቆጠራውም ቀረ። ካርዱ በሰው ሁለት ብቻ ሆነ፤ አምስት ሲሆን የሚተርፈው ነው ዕቁብ የሚገባው። በካርዱ ላይ ሦስት መስመር አለ፦ ምን አደረገልህ፣ መቼ፣ ከሥራ መዘርዝሩ ውጭ ነው ወይ። ሦስተኛው መስመር ብቻውን ማኅተሙን ነፃ አወጣው። ሳጥኑ ዓርብ ዓርብ ይከፈትና ካርዱ ለባለቤቱ በእጁ ይደርሳል፤ ወር ሙሉ የከረመ ምስጋና የቀዘቀዘ ሽሮ ነው፣ ማን ይበላዋል? ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ሰውየው ከፈቀደ ነው፣ ምክንያቱም ሙገሳ በሰው ፊት ሲሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠው የሚመርጥ አለ። በመጀመሪያው ወር ደግሞ ስም ዝርዝሩን ከደመወዝ መክፈያው ላይ ስለገለበጥኩት በኤጀንሲ የተቀጠሩት ጥበቃዎችና ጽዳቶች ቀርተው ነበር፤ ከማንም በላይ የሚሮጡልን እነሱ ሆነው! አሁን ገብተዋል።

ያልጠበቅኩት ጥቅምም ተገኘ። አንዲት ልጅ በተመሳሳይ ነገር፣ ፕሪንተር የጎረሰውን ወረቀት በማውጣት፣ በአንድ ወር ዘጠኝ ካርድ አገኘች። ይኼ ምስጋና ሳይሆን የጥገና ማመልከቻ ነው። ወረቀት የሚስበው ላስቲክ አልቆ ኖሯል፤ ተቀየረ፣ ካርዱም ቆመ።

ባለፈው ዓርብ የሳጥኑ ቁልፍ ጠፋብኝ። ዕቁብተኞቹ አጠገቤ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ ብሩ ከቀረ ወዲህ ረጋ ብለዋል። ጋሼ ናቸው ከመሳቢያቸው ካቻቢቴ ይዘው የመጡት። ማጠፊያውን ብሎን በብሎን ፈትተው ሳጥኑን ከፈቱና እጃቸውን ዘረጉ።

«ሳጥን መፍታት መዘርዝሬ ውስጥ የለም።»

እውነታቸውን ነው። ሦስቱንም መስመር ሞልቼ ካርዱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ገለበጡት፣ መለሱልኝ።

«ቁጥርና ቀን የለውም፤ ወጪ አስደርገህ አምጣው።»