ቶናውስ?

ዛሬ ኅዳር 12 ነው። እማዬ ከማለዳ ጀምራ ዕጣን ታጨሳለች። እዚህ ሶልት ሌክ ሲቲ፣ አፓርታማ ግቢ ውስጥ፣ ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል አይቻልም። ስለዚህ ኅዳርን በዕጣን ብቻ ነው የምታጥነው። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ስንቱን እንደጨረሰ ልጅ ሆና ሰምታ አድጋለች። እኔን ግን በዚህ ቀን ትዝ የሚለኝ የራሳችን ወረርሽኝ ነው። ያኔ ሚሽነሪ ነበርኩ።

የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን አባል ነኝ። ሰው ሞርሞን ብሎ የሚጠራን ማለት ነው። የተጠመቅኩት በ17 ዓመቴ ነው። እማዬ ኦርቶዶክስ ናት። ያን ቀን «ማተብህን በጠስክ» አለችኝ እንጂ ሌላ አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቡና ተውኩ። በኛ ቤተክርስቲያን ቡና አይጠጣም። ከማተቡ ይልቅ ይሄ ነው ያስለቀሳት። ማተቡን ቢያንስ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር። የእሷን ስኒ ግን በእጄ መለስኩት።

በኛ ዘንድ ወንዶች ከ18 ዓመታቸው ጀምሮ ለ2 ዓመት፣ ሴቶች ደግሞ ያኔ ከ19 ጀምሮ ለ18 ወር ወንጌል ለማስተማር ይወጣሉ። ደሞዝ የለውም። የሚሄዱበትንም አገር አይመርጡም። እኔ የተመደብኩት ሲያትል ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ሄድኩ። ደረቴ ላይ «ኤልደር» የሚል ጥቁር ባጅ ተለጠፈ። በአማርኛ ሽማግሌ ማለት ነው። ለእማዬ ስነግራት ትንሽ ዝም አለች። ለሷ ሽማግሌ ማለት የተጣላ የሚያስታርቅ ሰው ነው። «እንግዲያው አስታርቅ» አለችኝ። ማንን ከማን ብዬ አልጠየቅኳትም። ገብቶኛል።

ዕድለኛ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሚሽነሪዎች ለቤተሰብ የሚደውሉት በዓመት ሁለት ቀን ነበር፤ ለገናና ለእናቶች ቀን። ከየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሳምንቱ ተፈቀደ። የኛ ቀን ሰኞ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ስልካችን ግን ሁሌም አንድ ዓይነት ነበር። ደህና ነህ? ደህና ነኝ። በላህ? በልቻለሁ። በል ደህና ሁን።

ኮሮና አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው ከሲያትል ትንሽ ወደ ሰሜን ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ በኪርክላንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሰው መሞት ጀመረ። መጋቢት 3 (ማርች 12) ቤተክርስቲያናችን በዓለም ዙሪያ ጉባኤ በሙሉ አቆመች። ከዚያ ቤተ መቅደሶች ተዘጉ። የዋሽንግተን ግዛትም ከቤት አትውጡ አለ። በሌላ አገር ያሉ ሚሽነሪዎች በሺዎች እየሆኑ ወደየአገራቸው ተመለሱ። እኔና ባልደረባዬ እዚያው አገራችን ውስጥ ስለነበርን ቀረን። እሱ የአይዳሆ ገበሬ ልጅ ነው። ሁለት ሰው፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት።

ሚሽነሪ ከባልደረባው ተለይቶ አይሄድም። ደንብ ነው። ውጭ ስትሆን አይከብድም። አንድ ክፍል ውስጥ ለወራት ግን ሌላ ነገር ነው። ሲያኝክ እሰማዋለሁ። ሲያለቅስም እሰማዋለሁ። ከጠዋቱ 12፡30 እንነሳለን። ነጭ ሸሚዝ ለብሰን፣ ክራባት አስረን፣ የትም አንሄድም። እሑድ ቁርባኑን ራሳችን እንባርካለን፤ ቁራሽ ዳቦ፣ በትንሽ ብርጭቆ ውሃ። እሱ ለኔ፣ እኔ ለሱ። ከቤተክርስቲያን ሕይወቴ ሁሉ የነዚያን እሑዶች ያህል ቅርብ የሆነብኝ የለም። ይህን ስጽፍም አሁን ሆዴን ባር ባር ይለኛል።

ሥራችን ወደ ስልክ ዞረ። በፌስቡክ እንጽፋለን፣ በዙም እናስተምራለን። ግን ያጠናነው አነጋገር አልሠራም። ሰው ፈርቷል። ጥያቄው ስለ ነፍስ አይደለም፤ የቤት ኪራይ ነው፣ ሥራ ነው፣ ሆስፒታል ገብታ ማየት ያልተቻለች እናት ናት። ሬኒየር ቫሊ አካባቢ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት የኛ አገር እናት ነበሩ። ከወረርሽኙ በፊት በራቸውን አንኳኩቼ ነው ያወቅኳቸው። ስደውል «ልጄ፣ ስለ ሃይማኖት ከሆነ የራሴ አለኝ። እንዲያው ለወሬ ከሆነ ግን ደውልልኝ» አሉኝ። ደወልኩ። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎንደር፣ አዲስ አበባ ስላለች እህታቸው አወሩኝ። አንድ ቀን «ቡና አለቀብኝ» አሉ። ገዝተን በራቸው ላይ አስቀመጥን። በመስኮት አይተውኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። በ2 ዓመት ውስጥ ምን ሠራህ ብትሉኝ መጀመሪያ የምናገረው ያችን ከረጢት ቡና ነው።

በመጋቢት 9 (ማርች 18) ማለዳ ሶልት ሌክን በሬክተር 5.7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። እማዬ ደወለች። የቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ያለው መልአክ የያዘው መለከት ወድቋል። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ድምጿ ሰው የሞተባት ይመስል ነበር። «አዝኜላችኋለሁ» አለችኝ። ስለ እምነቴ እንዲህ ስትናገር ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ኤፕሪል 5 መጣ። የኛ ጠቅላላ ጉባኤ ሺዎች የሚሞሉት አዳራሽ ባዶ ሆኖ፣ ከአንዲት ትንሽ ክፍል ተላለፈ። ያኔ 95 ዓመታቸው የነበረው የቤተክርስቲያናችን ፕሬዚዳንት ራስል ኔልሰን ምእመኑን ሁሉ ከያለበት አስነሱ። ነጭ መሐረብ እያውለበለብን «ሆሣዕና ለእግዚአብሔርና ለበጉ» አልን። ሦስት ጊዜ። ሁለት ልጆች፣ ወጥ ቤትና መኝታ በሆነች ክፍል። ባልደረባዬ መሐረብ ነበረው። እኔ ባዶ እጄን አውለበለብኩ።

ሰኞ ለእማዬ ነገርኳት። «ሆሣዕና?» አለች። «የኛ እኮ የፊታችን እሑድ ነው። ትናንት ደግሞ መጋቢት 27 ነበር፤ መድኃኔዓለም።» ተደነቀች። እኔም ተደነቅኩ። ከዚያ በፊት በሁለታችን መሃል አንድ ቃል ሲገናኝ አላየሁም ነበር። ዓርብ ደግሞ ዓለም አቀፍ ጾም እንደታወጀ፣ ሁለት ማዕድ ያለ ምግብና ያለ ውሃ እንደምናልፍ ነገርኳት። እሷ ዐቢይ ጾም ላይ ናት። «ውሃም?» አለችኝ። «ውሃም።»

ያን ጊዜ ነው የ1977ቱን ያነሳሁላት። እማዬ የወሎ ልጅ ናት። በሰባ ሰባት ረሃብ አሥር ዓመት አይሞላትም። ስለዚያ ጊዜ አታወራም፤ ቤታችን ውስጥ እህል መሬት ሲወድቅ ብቻ ፊቷ ላይ ታያለህ። ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ የቤተክርስቲያናችን አባላት በዋናነት ለኢትዮጵያ ብለው ጾመዋል። ያልበሉትን ምግብ ዋጋ ሰጡ። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ በእርዳታ ድርጅቶች በኩል ተላከ። እማዬ ያን ጊዜ የማንን እህል እንደበላች አታውቅም። እኔም አላውቅም። ስልኩ ላይ ረጅም ዝምታ ሆነ። የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«እኛን ሳያውቁን ጾሙልን?» አለች።

በሳምንቱ ሆሣዕና ሆነ። ቤተክርስቲያኗ ዝግ ነበር፤ ቅዳሴውን በስልክ ነው የተከታተለችው። ዘንባባ ስላላገኘች ሳሎን ካለው ተክል ቅጠል ቆርጣ ሁለት ቀለበት ሠራች። አንዱን በፖስታ ላከችልኝ። ሲደርስ ደርቆ ነበር። መጽሐፈ ሞርሞኔ ውስጥ ከማተቤ ጋር አስቀመጥኩት። ዛሬም እዚያው ነው።

በጋው እንዲሁ አለፈ። ባልደረባዬ ጊዜው ጨርሶ ሄደ። በሱ ቦታ ከፊሊፒንስ የተመለሰ ልጅ መጣ፤ ለሊት በታጋሎግ ያወራል።

እማዬ የምትሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። በኅዳር ሥራ ቦታዋ በሽታው ገባ። ኅዳር 12 ቀን 2013፣ ቅዳሜ፣ እንደ ልማዷ ዕጣን ጣለች። ጭሱ ተነሳ። ሽታው ግን የለም። ከሰሉ ይሆን ብላ ሌላ ጨመረች። ምንም። እንደያዛት ያወቀችው እንዲህ ነው፤ ቀጥሎ ትኩሳቱ መጣ።

ሰኞ ስደውል ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላለች። ነጠላ ተከናንባ፣ ፊቷ ከስቶ፣ ቡና ትቆላለች። «ምን ያስቸኩልሻል፣ ተኚ እንጂ እማዬ» አልኳት። «ምናልባት ይሄ ይሸተኝ ይሆናል ብዬ ነው» አለች። መጥበሻውን አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ጭሱ ስክሪኑን ሸፈነው። ከዚያ ዝቅ አደረገችው።

«የለም ልጄ። እንደ ውሃ ነው።» ትንሽ ቆይታ «አንተ ታስታውሰዋለህ?» አለችኝ።

«አስታውሳለሁ።»

«እስኪ ንገረኝ።»

ሃያ ወር ሙሉ ለመናገር ነው የሠለጠንኩት። ያን ቀን ግን አፌ ተሳሰረ። ከዚያ ጀመርኩ። መጀመሪያ ስታጥቢው የእርጥብ ጭድ ሽታ አለው አልኳት። ሲሞቅ እንደ ገብስ ቆሎ ይሆናል። ከዚያ መንጣጣት ይጀምራል፣ ወዙ ይወጣል፣ ያኔ ሽታው ይከብዳል፣ ሳሎኑን አልፎ ኮሪደር ይወጣል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃው ላይ ሆኜ ቤት እንዳለሽ የማውቀው በሱ ነበር። ለሰው ሁሉ መጥበሻውን እየያዝሽ ታዞሪያለሽ፤ እኔ ጋ ስትደርሺ ጭሱን በእጅሽ ወደ ፊቴ ትገፊዋለሽ። ጀበናው ሲፈላ ደግሞ ሌላ ነው፣ እንደ ዝናብ የመታው አፈር። አቦሉ ሲቀዳ ከጤና አዳሙ ጋር ይቀላቀላል።

ዓይኗን ጨፍናለች። ያወራሁትን ያህል ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስትስብ ይታየኛል። ስጨርስ አልገለጠችም።

«ቶናውስ?» አለችኝ።