የተቃጠለ ብረት መልክ፦ ከሰማያዊው ተነሥቶ ወደ ውጭ

ሙቀት በነካው ስቲል ላይ አረንጓዴ የለም። በኮስፕሌይ (የፊልምና የጨዋታ ገጸ ባሕርያትን መስሎ በመልበስ) ጥሩር፣ በሮኬት አፍ ወይም በጭስ ማውጫ ቱቦ ሞዴል ላይ በቀለም አስመስሎ የተሠራን የተቃጠለ ብረት ቶሎ የሚያጋልጠው በቢጫውና በሰማያዊው መካከል የሚቀረው ስስ አረንጓዴ መስመር ነው። ተመልካቹ ጥፋቱን በስሙ ባይጠራውም ዓይኑን ይቆረቁረዋል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በአብዛኛው ያንን መስመር ለማጥፋት የደረስንበት ነው።

ብረት ሲግል ላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይፈጠራል። ከሽፋኑ ላይ የሚመለሰው ብርሃንና ከሥሩ ካለው ብረት የሚመለሰው ብርሃን ተገናኝተው አንዱን ቀለም ያጠፋሉ፣ ሌላውን ያጎላሉ። ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር ቀለሙ ይለወጣል፤ ተራው ግን አይዛነፍም። በካርቦን ስቲል ላይ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ገለባማ ቢጫ ነው፣ 260 ገደማ ቡናማ፣ 280 ገደማ ሐምራዊ፣ 300 ገደማ ጠቆር ያለ ሰማያዊ። ከ320 በላይ ሰማያዊው ይፈዝና ወደ ግራጫ ይሄዳል። ስቴንለስም ይህንኑ ተራ ይከተላል፣ ግን ከፍ ያለ ሙቀት ይጠይቃል። ስለዚህ ለእሳቱ የሚቀርበው ግራጫውና ሰማያዊው ነው፣ የሚርቀው ቢጫው። ነበልባል ቢጫ ስለሆነ ይመስላል፣ ብዙ ሰው ቢጫውን መሃል ላይ ያደርገዋል። ያን ጊዜ የቀረው ሥራ ምንም ያህል ቢጠራ አያድነውም።

አልሙኒየም እንዲህ ያለ ቀለም አያወጣም፤ ይደበዝዛል እንጂ። ቁሱ አልሙኒየም መስሎ እንዲታይ ከተፈለገ ጥቀርሻ ብቻ ይበቃዋል። ቲታኒየም ከሆነ ደግሞ ከፈዛዛው ሰማያዊ ቀጥሎ ቢጫው ተመልሶ ይመጣል፣ ከዚያ ሮዝ፣ ከዚያ አረንጓዴ። አረንጓዴ የሚፈቀድለት እሱ ነው።

ቀለም ከመንካታችሁ በፊት የሙቀቱን ምንጭ ወስኑ፤ የቱቦው አፍ ነው? የብየዳ መስመር ነው? ምንጭ የሌለው ሰማያዊ በየቦታው ጣል ጣል ሲደረግ የበለዘ ቆዳ ይመስላል። የቀለማቱን ስፋትም እኩል አታድርጉት፣ ቀስተ ደመና ይሆንባችኋል። አራት ሴንቲሜትር ለሚሆን ቦታ እኛ የምንነሣው ከዚህ ነው፦ ግራጫና ፈዛዛ ሰማያዊ 10 ሚሊሜትር፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ 8፣ ሐምራዊ 4፣ ቡናማ 5፣ የቀረው 13 ገለባማ ቢጫ ሆኖ ወደ ባዶው ብረት እየሳሳ ይጠፋል። ሐምራዊው ሁልጊዜ ጠባብ ነው። ሙቀት በስስ ጠርዝ ላይ መሄጃ ስለሚያጣ ይከማቻል፤ ስለዚህ ጠርዝ ላይ ቀለማቱ ወደ ውጭ ይገፉ። ወፍራም ቀለበት ወይም ትልቅ ብሎን ያለበት ቦታ ደግሞ ሙቀቱን ስለሚጠጣው ቀለማቱ ወደ ምንጩ ይሰበሰባሉ። ይህችን ብቻ የጠበቀ ሥራ፣ ቀለሙ መካከለኛ ቢሆን እንኳ፣ እውነት ይመስላል።

ሥሩ የሚያንጸባርቅ መሆን አለበት። በ3ዲ ፕሪንተር የወጣ ፕላስቲክ ከሆነ መሙያ ፕራይመር (ጭረት የሚሞላ የሥር ቀለም) ተቀብቶ በ220፣ በ400፣ በመጨረሻም በውሃ እየታሸ በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ከዚያ አንጸባራቂ ጥቁር፣ ጥቁሩ በደንብ ከደረቀ በኋላ ስስ የላከር (በኃይለኛ መሟሟቻ የሚቀጥን) ብረት መሰል ቀለም። በጥቁሩ ላይ የቀረች ጭረት ሁሉ ከብረቱ ቀለም በኋላ ጎልታ ትወጣለች፤ ችኮላችሁን ሌላ ቦታ ላይ ተወጡት።

ቀለሙ ግልጽ የሆነው ዓይነት ብቻ ነው፣ ብርሃኑ አልፎት ብረቱን ነክቶ መመለስ ስላለበት። ድፍን ሰማያዊ ምንም ያህል ቢሳሳ ብረቱን ይሸፍነዋል። እኛ የምንሠራው ታሚያ በተባለው የሞዴል ቀለም አምራች ግልጽ አክሪሊኮች ነው፦ ኤክስ-23 ሰማያዊ፣ ኤክስ-24 ቢጫ፣ ኤክስ-26 ብርቱካን፣ ኤክስ-27 ቀይ፣ ኤክስ-19 ጭስ። ሐምራዊውን ከሦስት እጅ ቀይና ከአንድ እጅ ሰማያዊ እንቀምማለን፤ ሰማያዊው ኃይለኛ ስለሆነ በጠብታ እየጨመራችሁ እዩት። ቡናማው ብርቱካን ላይ ጥቂት ጭስ ነው። ቢጫው ብቻውን ሎሚ ይመስላል፤ በአራት እጅ ቢጫ አንድ እጅ ብርቱካንና አንዲት ጠብታ ጭስ ሲገባበት ወደ ገለባ ይመጣል። ሁሉም በኤክስ-20ኤ ቲነር ይቀጥናሉ፣ አንድ እጅ ቀለም ለሁለት እጅ ቲነር። የላከር ቲነር ቀለሙን ይበልጥ ያለሰልሰዋል፣ ግን ከሥር ያለውን የብረት ቀለም ሊበላው ስለሚችል እዚህ ላይ አንመክረውም።

ኤርብረሹ (ቀለሙን በአየር ግፊት የሚረጨው ትንሽ መሣሪያ) 0.3 ሚሊሜትር ኖዝል፣ ግፊቱ 1 ባር ገደማ፣ ርቀቱ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር። ማጣሪያው ለኬሚካል ትነት የሚሆን ማስክ አድርጉ፤ የአቧራ ማስክ ትነቱን አያስቀረውም።

አሁን ወደ ተራው። በብዛት የሚታየው አሠራር ቦታውን በሙሉ ቢጫ ረጭቶ፣ በላዩ ቀይ፣ በላዩ ሰማያዊ መደረብ ነው። ግልጽ ቀለም ግን የሥሩን አይደብቅም፤ ቢጫ ላይ የወደቀ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው፣ ቀይና ቢጫ ላይ የወደቀ ደግሞ ጭቃ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀለም ድፍን ክብ ሳይሆን ቀለበት ይሁን፣ ሥራውም ከውስጥ ይጀምር። መጀመሪያ ሰማያዊውን በቦታው ብቻ እርጩ፣ በምንጩ በኩል እየሳሳ ወደ ብረቱ ይመለስ። ቀጥሎ ሐምራዊው፣ የሰማያዊውን ውጫዊ ጠርዝ ሁለት ሚሊሜትር ያህል እየነካ። ከዚያ ቡናማው የሐምራዊውን ጠርዝ ይያዝ። ቢጫው መጨረሻ ነው፤ ቡናማውን ብቻ ይነካል፣ ከዚያ አልፎ ወደ ውስጥ አይገባም። ቢጫውን ስትረጩ ኤርብረሹን ወደ ውጭ አዘንብሉት፤ ብናኙ ሰማያዊው ላይ ካረፈ ልፋቱ ሁሉ ለአረንጓዴው ይሆናል። ለመከለል የወረቀት ፕላስተር አትጠቀሙ፣ ጠርዙ ቢላ የቆረጠው ይመስላል። የተቀደደ ወረቀት ከቁሱ አንድ ሴንቲሜትር ከፍ አድርጎ መያዝ ይበቃል።

እያንዳንዱ ቀለም ሁለት ወይም ሦስት ስስ እጅ፣ ማለትም ዙር ርጭት፣ ነው፣ በመካከሉ ጥቂት ደቂቃ እየቆዩ። ሰማያዊው ከሁሉም ቶሎ ይከዳል፦ አንድ እጅ ሲበዛበት ጥቁር ይሆናል፣ በካሜራ ብልጭታ ደግሞ ጨርሶ ቀዳዳ ይመስላል። በዛ ካላችሁ ሳይደርቅ በጆሮ ማጽጃና በኤክስ-20ኤ አንሡት፤ ከደረቀ በኋላ ማሸት ብረቱን ያደበዝዘዋል። ቀለሙ እንደ ሸረሪት እግር ከተበታተነ ቀጥኗል ወይም በጣም ቀርባችኋል፤ ግፊቱን ቀንሱና ራቁ። ላዩ ከሻከረ ቀለሙ አየር ላይ እየደረቀ ነው፤ ትንሽ ቅረቡ ወይም ቲነር ጨምሩ።

ለብየዳ መስመር ሥራው ያው ሆኖ በሁለቱም ወገን እኩል ይሄዳል፣ ስፋቱ ግን በጠቅላላ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። በየአምስትና ስድስት ሴንቲሜትሩ ጥቂት ሰፋ፣ ጥቂት ጠበብ አድርጉት፤ በያጁ እጁን ያሳረፈበት ቦታ ይመስላል።

ፎም (ጥሩር የሚሠራበት ለስላሳ፣ ስፖንጅ መሰል ንጣፍ) ላይ ሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ላከርና ግልጽ አክሪሊክ ፎሙ ሲታጠፍ ይሰነጠቃሉ፤ ስለዚህ ፎሙን በሚለጠጥ ጎማማ ስፕሬይ ዝጉት፣ በታሚያ ፈንታም ግልጽ የአክሪሊክ ቀለም ኢንክ ከሚለጠጥ አክሪሊክ ሚዲየም ጋር ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ ለብረቱ መልክ ጥቁር ቀለም ላይ የግራፋይት ዱቄት በጨርቅ ማሸት ከስፕሬይ ይሻላል፤ ታጥፎም መልኩን ይጠብቃል። ግራፋይቱ ግን እጅ ላይ ስለሚወጣ ከቀለሙ በፊት በስስ አንጸባራቂ ቫርኒሽ መያዝ አለበት።

በመጨረሻ የሚቀባው መሸፈኛ ቫርኒሽ ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። ደብዛዛ ቫርኒሽ ብረቱን ወደ ግራጫ ፕላስቲክ ይመልሰዋል። ኃይለኛ መሟሟቻ ያለው የጣሳ ስፕሬይ ግልጽ ቀለሙን አሟሙቶ ጠርዞቹን ያፈሳቸዋል። በውሃ የሚቀጥን አንጸባራቂ ቫርኒሽ ተጠቀሙ፣ የመጀመሪያው እጅ ጉም ያህል ብቻ ይሁን። ከዚያ በፊት ግን ግልጽ ቀለሙ ሙሉ ቀን ይደር፤ ታሚያ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለረጅም ሰዓት ይጣበቃል፣ የጣት አሻራም ይይዛል። በ3ዲ ፕሪንተር በብዛት የሚሠራበት ፒኤልኤ ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚለሰልስ በፀጉር ማድረቂያ አታጣድፉት።

ማንኛውንም ቅመም መጀመሪያ ጥቁርና የብረት ቀለም በተቀባ የፕላስቲክ ማንኪያ ላይ ሞክሩት። የማንኪያው ጎባጣ ጀርባ ብርሃኑን እንደ ቱቦ ስለሚመልሰው ከጠፍጣፋ ቁራጭ ይሻላል። በቀን ብርሃንም በቢጫ አምፖል ሥርም እዩት፤ ቢጫ አምፖል ገለባማውን ይውጠዋል፣ ቁሱ የሚታየው በዚያ ብርሃን ከሆነ ብርቱካኑን ከአንድ እጅ ወደ አንድ ተኩል ከፍ አድርጉ።