ዝም ያልኩባቸው ስድስት ቀናት

ታኅሣሥ ሲገባ የእኛ ቢሮ ፋታ የለውም። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በምትገኝ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ነው። ገናን ላሊበላ፣ ጥምቀትን ጎንደር ማክበር የሚፈልጉ እንግዶች በአንድ ሰሞን ይደራረቡብናል። ሆቴሉም፣ በረራውም፣ መኪናውም፣ ክፍያውም የሚያልፈው በእኔ ኢሜይል ነው።

ገጠመኙ የጀመረው በዚያ ሰሞን፣ አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። የኢሜይል ሳጥንሽ ሊሞላ ነው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጥሽ አዲስ መልእክት አይገባልሽም የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። የላኪው ስም የአይቲ ክፍል ይላል። እንግሊዝኛው ንጹሕ ነው፤ አንድም የፊደል ስህተት አላየሁበትም። በዚያ ወር ኢሜይል ቆመ ማለት ሥራ ቆመ ማለት ስለሆነ ሊንኩን ጫንኩት። የተከፈተው ገጽ የድርጅታችን አርማ አለበት። የኢሜይል አድራሻዬም ቀድሞ ተሞልቷል። ፓስወርዴን አስገባሁ። ስህተት ነው አለኝ። ደግሜ አስገባሁ። ከዚያ ወደ እውነተኛው ኢሜይሌ ወሰደኝና ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሆነ።

ያኔውኑ ልቤ ድንግጥ አለ። የኢሜይል ሥራችንን የሚከታተልልን ልጅ እንዲህ ያለ መልእክት ልኮ አያውቅም፤ ጉዳይ ካለው ይደውላል። አድራሻውን ላየው ስመለስ ገጹ ተዘግቷል። ለልጁ ልደውል ስልኬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ያስቸገረው ሁሉ የሚጠራው እኔን ነው። “ተሸወድኩ” ማለት ከበደኝ። ምናልባትም ምንም አይሆን ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ፓስወርዱን እንኳ አልቀየርኩም፤ ብቀይረው ነገሩ እውነት የሚሆን ስለመሰለኝ ነው መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ሰኞ ምንም የለም። እንዲያውም አንዳንድ ደንበኞች ዝም ማለታቸው ገርሞኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጀርመን የሚኖሩ አንዲት ደንበኛችን በዋትሳፕ ደወሉ። “የባንክ ሂሳባችሁን ቀይራችኋል እንዴ?” አሉኝ። አልቀየርንም። የደረሳቸውን ኢሜይል ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። የተላከው ከእኔ አድራሻ ነው። ከሥሩ ከመስከረም ጀምሮ የተጻጻፍነው ሁሉ አለ። ሂሳባችን ኦዲት ላይ ስለሆነ ቀሪውን ክፍያ በሌላ አገር ባለ ባንክ ያስገቡ ይላል። እኔ ለእንግዶቼ የምጽፈውን ሁሉ፣ በላቲን ፊደልም ቢሆን፣ “ጤና ይስጥልኝ” ብዬ ነው የምጀምረው። ሌባውም “ጤና ይስጥልኝ” ብሎ ነው የጀመረው። ያን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ወደ ድርጅቱ ባለቤት ቢሮ ገባሁ። “ጋሼ፣ አርብ ዕለት ያጠፋሁት ነገር አለ፤ አልነገርኩዎትም” አልኳቸው። ቁጣ ጠብቄ ነበር። መነጽራቸውን አወለቁና “እሺ፣ አሁን ለማን ለማን ነው የሚደወለው?” አሉ። የ14 ደንበኞችን ስልክ ተካፍለን መደወል ጀመርን። ለሦስቱ ያው ኢሜይል ደርሷቸዋል። አንዲቱ የደወሉልን ናቸው። አንዱ ገና አልከፈሉም። አንድ ባልና ሚስት ግን ማክሰኞ ዕለት ልከዋል። ባንካቸው ገንዘቡን ለማስመለስ ቢሞክርም ከተላከበት ሂሳብ ወጥቶ ሄዷል። ጋሼ ጉዞውን አልሰረዙባቸውም፤ ጉዳቱን ቢሮው ቻለው። የተጭበረበሩት ማክሰኞ ነው። እኔ አርብ ማታ ስልኩን አንስቼ ብናገር ኖሮ ማክሰኞ የሚባል ቀን አይኖርም ነበር።

በኋላ ሳነብ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ወደ ውጭ የተላከ እንዲህ ያለ ገንዘብ ለማስመለስ በዘረጋው አሠራር ውስጥ ዝውውሩ 72 ሰዓት ያላለፈው እንዲሆን መስፈርት ማስቀመጡን አየሁ። ይኸው ተቋም የሥራ ኢሜይል በመጥለፍና በማስመሰል ክፍያ የሚያስቀይሩ ሌቦች ያደረሱትን ጉዳት ለ2023 ብቻ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አድርጎ መዝግቦታል። እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ እንዳለው ያኔ ገባኝ።

የኢሜይሉ ልጅ መጥቶ ያሳየኝን ነገር ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ሌባው በሳጥኔ ውስጥ አንድ ትእዛዝ አስቀምጧል። “ባንክ” ወይም “ክፍያ” የሚል ቃል ያለበት መልእክት ከገባ እንደተነበበ ተቆጥሮ ማንም ወደማይከፍተው የአርኤስኤስ (ከድረ ገጾች ዜና የሚሰበሰብበት) ፎልደር እንዲገባ፣ ቅጂውም ወደ ውጭ አድራሻ እንዲላክ የሚያደርግ ትእዛዝ ነው። ደንበኞቼ ዝም ያሉት ለዚህ ነው፤ ጽፈውልኛል፣ እኔ ጋ አልደረሰም። ፓስወርድ ብቻ ብቀይር ኖሮ ይህ ትእዛዝ ባለበት ይቆይ ነበር። ስለዚህ ፓስወርዱ ይቀየራል፣ የተከፈተው አካውንት ከሁሉም መሣሪያ ላይ እንዲወጣ ይደረጋል፣ ከዚያ በሴቲንግ ውስጥ ያሉት ትእዛዞችና የማስተላለፊያ አድራሻዎች አንድ በአንድ ይታያሉ። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን ይዘለዋል።

አድራሻ ማንበብንም ያስተማረኝ እሱ ነው። የላኪ ስም ማንም ሰው የፈለገውን ሊጽፍበት ይችላል። በስልክ ላይ ደግሞ የሚታየው ብዙ ጊዜ ስሙ ብቻ ስለሆነ፣ ስሙን ነካ አድርጎ ሙሉውን አድራሻ ማየት ያስፈልጋል። በሊንክ ላይ የመጀመሪያዋ ነጠላ ስላሽ (/) ትፈለግና ከእሷ ወደ ግራ ወዲያው ያለው ይነበባል። ባለቤቱ እዚያ ላይ ነው ያለው። ከፊቱ የፈለገ የታወቀ ስም ቢደረደር ዋጋ የለውም። የላቲኑን ኤም (m) በአርና ኤን (rn) ጎን ለጎን ጽፈው ዓይን የሚያታልሉም አሉ። ከገጹ አድራሻ ጎን የምትታየው የቁልፍ ምልክት ደግሞ መስመሩ የተመሰጠረ መሆኑን እንጂ የገጹን ባለቤት ታማኝነት አትናገርም። እኔ ለዓመታት የማምነው እሷን ነበር። አሁን ፓስወርዴን የሚያስታውስልኝ ፕሮግራም አለኝ፤ በትክክለኛው ገጽ ላይ ራሱ ይሞላል፣ በሐሰተኛው ላይ ዝም ይላል። ዝም ሲለኝ እጄን እሰበስባለሁ። በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ኮድም አስገብተናል። ግን ኮዱንም ጭምር ወዲያውኑ ተቀብሎ የሚጠቀም ሐሰተኛ ገጽ ስላለ፣ ከሊንክ የተከፈተ ገጽ ላይ አልጽፈውም። አድራሻውን ራሴ ጽፌ እገባለሁ።

ይህ በእኔ ቢጤ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር የሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀ መንበር ለነበሩት ጆን ፖዴስታ ከጉግል የመጣ የሚመስል ማስጠንቀቂያ ተላከ። የዘመቻው የኮምፒውተር ባለሙያ ተጠየቀ። “ትክክለኛ ኢሜይል ነው” ብሎ መለሰ፤ ሐሰተኛ ነው ለማለት ፈልጎ ቃሉን እንደሳተ በኋላ ተናግሯል። የሚገርመው፣ በዚያው መልሱ ላይ ትክክለኛውን የጉግል አድራሻ አያይዞ ነበር። የተጫነው ግን የሐሰተኛው ሊንክ ሆነ። የኢሜይላቸው ክምችት በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ለዓለም ተዘረገፈ። ባለሙያ ተጠይቆ፣ መፍትሔውም ተጽፎ እንኳ እንዲህ ይሆናል። ስለዚህ የተሸወደ ሰው ላይ መሳቅ አይገባም። የሚሳቅበት ቢሮ ውስጥ የሚናገር ሰው አይገኝም።

ጋሼም ይህ ገብቷቸዋል። በማግስቱ ሁላችንንም ሰብስበው ሁለት ነገር ብቻ ተናገሩ። የባንክ ሂሳብ ለውጥ በኢሜይል ተነግሮ አያልቅም፤ ለደንበኛው ከዚህ በፊት በምናውቀው ስልክ ይደወላል። ሊንክ ጫንኩ ብሎ በዚያው ሰዓት የሚመጣ ሰው ደግሞ አይጠየቅም፣ ከደመወዙም አይቆረጥም። ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም። ለዚያም አመሰግናቸዋለሁ።

ባልና ሚስቱ ለጥምቀት መጡ። ሚስትየዋ ሲያዩኝ አቀፉኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አርብ ዕለት አውቄ ዝም ማለቴንም አልደበቅኩም። ዝም ብለው ሰሙኝና “ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ” አሉ።

ባለፈው ወር በቅርቡ የተቀጠረች ልጅ ላፕቶፗን እንደታቀፈች ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። ፊቷ ገርጥቷል።

“እህቴ፣ የማላውቀው ገጽ ላይ ፓስወርዴን ጻፍኩ መሰለኝ።”

“መቼ?”

“አሁን። አምስት ደቂቃ አይሆነውም።”

ወንበር ሳብኩላትና ከፓስወርዱ ጀመርን።