በወረቀቴ ላይ ፀሐይ ጥቁር ጉድጓድ ሆነች

መጀመሪያ ያሳሳተኝ «ጥቁር ጉድጓድ» የሚለው ስሙ ነው። ጉድጓድ ሲባል አፍና ጠርዝ ያለው፣ የቀረበውን ሁሉ ስቦ የሚውጥ ነገር ይታየኝ ነበር። ለሳምንታት ያነበብሁትን ሁሉ በዚህ ሥዕል ላይ እየደረብሁ ግራ ስጋባ ከረምሁና ማንበቡን ትቼ ወረቀትና እርሳስ አነሣሁ።

የተነሣሁት ከማምለጫ ፍጥነት ነው። ከመሬት ገጽ ወደ ላይ የተወረወረ ነገር ተመልሶ እንዳይወድቅ በሰከንድ 11.2 ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት። መሬት ምንም ሳይጎድልባት ብትጨመቅ ገጿ ወደ እምብርቷ ይቀርባል፤ እዚያ ላይ ያለው ስበት ይበረታል፤ ለማምለጥ የሚያስፈልገው ፍጥነትም ይጨምራል። መጭመቁን ብንቀጥል ፍጥነቱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የብርሃን ፍጥነት ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ብርሃንም አያመልጥም፤ ጥቁር ጉድጓድ የሚባለውም ይህ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ሽቫርትስሺልድ እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው ሥራ ከአንስታይን የስበት ቀመሮች የወጣው ወሰን ከዚህ ቀላል ስሌት ጋር ይገጥማል፦ የስበት ቋሚ ቁጥር በመጠነ ቁሱና በ2 ይባዛል፣ ከዚያም በራሱ ለተባዛ የብርሃን ፍጥነት ይካፈላል፤ ውጤቱ ብርሃን የማያመልጥበት ሬዲየስ (ከመሀል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት) ነው።

የመሬትን አስገብቼ ወደ 9 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሬዲየስ አገኘሁ። በደስታ ለታናሽ እህቴ ነገርኋት። ከዚያ የፀሐይን አሰላሁ፤ 3 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሆነ። የፀሐይ ትክክለኛ ሬዲየስ ግን 700,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው! እንደ እኔ ስሌት ፀሐይ ድሮ ጥቁር ጉድጓድ ሆናለች፤ እርሷ ግን በመስኮቴ ገብታ ያንኑ ወረቀት ታበራልኛለች። ጥፋቱ የብርሃንን ፍጥነት በሜትር ማስገባት ሲገባኝ በኪሎ ሜትር ማስገባቴ ነበር። ፍጥነቱ በራሱ ስለሚባዛ የሺህ ስህተቴ የሚሊዮን ሆነ። ትክክለኛው መልስ ለመሬት 9 ሚሊ ሜትር፣ ለፀሐይ 3 ኪሎ ሜትር ነው። የማውቀውን ነገር አስቀድሜ ብለካበት ኖሮ አላፍርም ነበር።

እህቴ እርማቱን ሰምታ «ታዲያ ፀሐይ 3 ኪሎ ሜትር ብትሆን ትውጠናለች?» አለችኝ። አዎ ልላት አፌን ከፍቼ ቀመሩን አየሁ። የፀሐይ መጠነ ቁስ አልተለወጠም፤ ርቀታችንም ያው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ መሬት እንደ ወትሮዋ ትዞራለች፤ የሚገድለን ጨለማውና ብርዱ ነው። የሚውጠው አፍ ከአእምሮዬ የወጣው በዚያች ቅጽበት ነው። ጥቁር ጉድጓድ ከሩቅ ሲታይ ስበቱ እንደማንኛውም ኮከብ ነው፤ ልዩ የሚያደርገው እጅግ ሊቀርቡት መቻሉ ነው።

ፀሐይ ግን ይህ ዕጣ አይደርሳትም፤ ትንሽ ናት። በጣም ግዙፍ ኮከብ ሃይድሮጂኑን እያነደደ፣ ከዚያም ከባድ ከባዱን እያዋሐደ እምብርቱ ብረት እስኪሆን ይደርሳል። ብረት ቢዋሐድ ኃይል አይሰጥም። ስበቱን የሚቋቋም ሲጠፋ እምብርቱ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ይደረመሳል፤ የተረፈው ክፍል ከፀሐይ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ካለፈ እጅግ የታመቀ የኒውትሮን ኮከብ ሆኖ እንኳ መቆም አይችልም፤ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል።

«ብርሃን ካልወጣው እንዴት ታወቀ?» ለሚለው ጥያቄዋ ኤስ 2 የተባለውን ኮከብ ጠቀስሁላት። ኮከቡ በጋላክሲያችን መሀል ያለን፣ በዓይን የማይታይን ነገር በ16 ዓመት አንዴ ይዞራል፤ ከምሕዋሩ ተነሥቶ ሲሰላ የማይታየው ነገር ከፀሐይ 4 ሚሊዮን እጥፍ ይከብዳል።

የኤም 87 ጋላክሲን ጥቁር ጉድጓድ ግን ለራሴ አስቀረሁት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 2019 ምስሉ ይፋ የሆነው እርሱ ነው፤ ከፀሐይ 6.5 ቢሊዮን እጥፍ ይከብዳል። አማካይ እፍጋቱን ባሰላ ከምንተነፍሰው አየር ሳስቶ ተገኘ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ መለኪያዎቹን ሦስት ጊዜ መረመርሁ፤ ልክ ነው። መጠነ ቁሱ በእጥፍ ሲያድግ ሬዲየሱም በእጥፍ፣ ይዘቱ ግን በ8 እጥፍ ያድጋል። በዚህም ምክንያት ትንሹ ጥቁር ጉድጓድ በእግርና በራስ ላይ ያለው ስበት እጅግ ስለሚለያይ ወሰኑ ጋር ሳይደርሱ ሰውን ይበጣጥሳል፤ የግዙፉን ወሰን ግን አካል ሳይጎዳ ማለፍ ይቻላል፤ መመለስ ብቻ የለም።

እህቴ እርሳሱን ተቀብላ የራሷን 50 ኪሎ አስገባች። ሬዲየሷ ከአቶም እምብርት በቢሊዮኖች እጥፍ አንሶ ወጣ። ወረቀቱን አዙራ ሰጠችኝና «በሜትር ነው ያስገባሁት፤ አንተ ግን እየው» አለችኝ።